የእንጨት ጠመንጃ ላይ ዕቃ እንዳይወልቅ፦ አገጣጠምና አጨራረስ ደረጃ በደረጃ

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው አንድ ነው። «የእንጨት ጠመንጃችንን ጠርበን ጨርሰናል፤ ግን ማቀባበያው ይወልቃል፣ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይላጣል። አንተ የምን ማስቲሽ ነው የምትጠቀመው?» የሚደውሉት የትምህርት ቤት ድራማ ክበቦች ናቸው። ለየካቲት 23 የሚዘጋጁ የሰፈር ልጆችም አሉ። አንዳንዴ ለፊልም ዕቃ የሚያዘጋጁ ሰዎችም ይደውላሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጥፋቱ የማስቲሹ አይደለም። አብዛኛው ሰው ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ዕቃውን የሚለጥፈው። ያን ጊዜ ማጣበቂያው የያዘው ቀለሙን ነው፤ እንጨቱን አልነካውም። ቀለሙ ሲነሣ ዕቃውም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ጥፋት ፒን አለመኖሩ ነው። ፒን የምለው ግማሹ እንጨቱ ውስጥ፣ ግማሹ ዕቃው ውስጥ የሚገባውን የተቆረጠ ምስማር ነው። እነዚህን ሁለቱን ካስተካከላችሁ ሌላው ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እዚህ የማወራው የጠመንጃው አካል ተጠርቦ ካለቀ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። መለኪያዎቹን የሰጠሁት ለውጅግራ፣ ማለትም ለዐድዋ ዘመኑ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አምሳያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሠራው እሱን ስለሆነ። የእውነተኛው ርዝመት 130 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለትንንሽ ልጆች ከሆነ ወደ 100 አሳጥሩት፤ አለበለዚያ ልጁ ጠመንጃውን ሳይሆን ጠመንጃው ልጁን ይሸከመዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ የመድረክ ዕቃ ነው። አይተኩስም፣ ውስጡም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። የብረት ቧንቧ ለአፈሙዝ አትጠቀሙ። ይከብዳል፣ ሰው ላይ ሲያርፍ ይጎዳል፣ ከሩቅ የሚያየው ሰውም ከእውነተኛው አይለየውም። ሳንጃ ካስፈለገ ጫፉ የዶለዶመ የእንጨት ሳንጃ ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የተጠረበ የእንጨት አካል። ዋንዛ ካገኛችሁ ታድላችኋል። ግራቪሊያም ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ተዉት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቪቴ የገባበት ላይም ይሰነጠቃል።
- 20 ሚሊሜትር የመብራት መስመር ፕላስቲክ ቱቦ፣ 80 ሳንቲሜትር ያህል፤ ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ የእንጨት ዘንግም
- 1 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ለቀለበቶች፣ ለምላጭ መከላከያና ለሰደፍ ታኮ (ትከሻ ላይ የሚያርፈው የጠመንጃው ጫፍ ሽፋን)
- የ8 ቁጥር ፌሮ ቁራጭ፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል፤ ክብ የእንጨት የመሳቢያ እጀታም
- 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ምስማር፣ አጫጭር ቪቴዎች
- ሁለት ቱቦ ያለው ኤፖክሲ፣ የእንጨት ኮላ
- ስቱኮ
- ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120 እና 240
- ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ከ3፣ 4.5 እና 10 ሚሊሜትር ፑንታ ጋር፤ ሞረድ፣ የብረት መጋዝ፣ ሁለት ሞርሴቶ (ጨምቆ መያዣ)
- የወረቀት ፕላስተር
- አንቲረስት፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ፣ የተልባ ዘይት
- 6ቢ እርሳስ፣ አልኮል፣ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ

የማንገቻ ቀለበት፣ አሮጌ ቀበቶና ማጠፊያ የመሳሰለውን አዲስ አትግዙ። ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ብትዞሩ ያረጀ መልኩን ራሱ ይዞ ታገኙታላችሁ። ማስረጀት የሚባለውን ሥራ በነፃ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

1. ምንም ሳታጣብቁ ሁሉንም ግጠሙ

ቱቦውን፣ ቀለበቶቹን፣ ማቀባበያውን፣ ማነጣጠሪያውን፣ የምላጩን መከላከያና የሰደፉን ታኮ በየቦታቸው በወረቀት ፕላስተር ያዙ። ሁለት ሜትር ራቁና ተመልከቱ። ጠመንጃውን ትከሻ ላይም አድርጉ። የተጣመመ ነገር በቅርብ አይታይም፤ ከተጣበቀ በኋላ ግን ከመንገድ ማዶ ሳይቀር ይታያል።

ቦታው ልክ ሲሆን የእያንዳንዱን ዕቃ ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ። ይህ መስመር ለሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ማጣበቂያ የሚገባው ከመስመሩ ውስጥ፣ ቀለም የሚያርፈው ከመስመሩ ውጭ ነው።

2. ቱቦውን ትከሉ፣ ድፈኑትም

ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይለምጣል። ስለዚህ የእንጨት ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክተቱበት። ከአፈሙዙ በኩል 1 ሳንቲሜትር ብቻ ቀዳዳ ይቅር። ለዓይን ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ድፍን ነው።

ፕላስቲኩ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ስለሆነ ኤፖክሲ አይይዝለትም። እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን ጎን በ120 ብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ሲያበራ የነበረው ፈዞ ነጣ ሲል በአልኮል ጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። የጣት ቅባት ብቻውን ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የፕላስቲክ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። ቱቦውን በእሳት ለማጎንበስም አትሞክሩ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

አሁን ቱቦውን በሦስት ቦታ ኤፖክሲ ቀብታችሁ አስቀምጡና በሞርሴቶ ያዙ። ቀለም ሳይጠብቅ የሚጣበቅ ብቸኛው ዕቃ ይሄ ነው፤ እንጨቱ ላይ እንዳለ ስለሚቀባ።

3. የፒን ቀዳዳ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ማቀባበያውን እንውሰድ። ሁሉም ሰው የሚይዘው፣ የሚጎትተው፣ ልብስ የሚጠለፍበት ዕቃ እሱ ነው። ማስቲሽ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ ቀስ እያለ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ደረቅ ነው፤ አንዴ መሬት ሲመታ ቀጭ ይላል። ሁለቱም ወደ ጎን የሚጎትት ኃይል አይችሉም። ኃይሉን መቻል ያለበት ብረቱ ነው፤ የማጣበቂያው ሥራ ብረቱን ከቦታው እንዳይነቃነቅ መያዝ ብቻ ነው።

ለማቀባበያው ፌሮ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሰውነቱ ላይ ያሉት ሽክርክሪት ጎድጓዶች ኤፖክሲውን ይነክሱታል። ለስላሳ ዘንግ ቢሆን ግን ውስጡ ይሽከረከራል። በ10 ፑንታ 25 ሚሊሜትር ጥልቀት ብሱ። ጥልቀቱን ለማወቅ ፑንታው ላይ 25 ሚሊሜትር ለክታችሁ የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉበት። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁሙ። ያለዚህ በወዲያኛው በኩል ትወጣላችሁ። እኔ ወጥቻለሁ፤ ያንን ጠመንጃ አሁንም ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ቀዳዳውን ሳየው ያበሽቀኛል።

በሌላኛው የፌሮ ጫፍ ላይ የመሳቢያውን ክብ እጀታ በተመሳሳይ መንገድ ብሱና በኤፖክሲ አስገቡ።

ለማነጣጠሪያውና ለሌሎች ትንንሽ ዕቃዎች የ4 ሚሊሜትር ምስማር ቁረጡ፤ ቀዳዳው በ4.5 ፑንታ ይሁን። ግማሽ ሚሊሜትሩ የኤፖክሲው ቦታ ነው። ምስማሩ ጥብቅ ብሎ ከገባ ኤፖክሲውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ደረቅ ብረት በደረቅ እንጨት ውስጥ ይቀራል።

ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት እንዴት ይገጥማሉ? መጀመሪያ ዕቃውን ብሱና ፒኑን ክተቱበት፤ ትንሽ ብቅ ይበል። ጫፉን ሊፕስቲክ ቀቡና ዕቃውን በእርሳስ ምልክቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ አንሡ። ቀይ ነጥብ ታገኛላችሁ። እዚያው ላይ ብሱ። ሊፕስቲኩን ከቤት ስትወስዱ አስፈቅዱ።

መብራት ከጠፋ በእጅ የሚዞር መብሻም ይሠራል። እንዲያውም ለትንንሾቹ ቀዳዳዎች እሱን እመርጣለሁ።

4. የላሜራ ዕቃዎች

ቀለበቶቹን ለመቁረጥ መጀመሪያ ወረቀት በቱቦውና በእንጨቱ ዙሪያ ጠቅልላችሁ ልኩን ውሰዱ። ላሜራውን 20 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ቁረጡና በመጥረጊያ እንጨት ላይ አጉብጡት። መጋጠሚያው ከሥር ይሁን፤ በአንድ አጭር ቪቴ ይታሰራል። የምላጩ መከላከያም እንደዚሁ ነው፦ ፊትና ኋላ አንድ አንድ ቪቴ። ምላጩ ራሱ ስንጥቅ ውስጥ የተጣበቀ የላሜራ ቁራጭ ነው፤ አይንቀሳቀስም።

የተቆረጠ ላሜራ ምላጭ ነው፤ የጢም ምላጭ ማለቴ ነው። ጠርዙን ሁሉ በሞረድ፣ ከዚያ በ240 አደንዝዙ። ጣታችሁን በዝግታ ስታስኬዱበት ምንም መያዝ የለበትም። ልጆች የሚይዙት ዕቃ መሆኑን አትርሱ።

የሰደፉ ታኮ በሁለት ቪቴ ይታሰራል። ግን ቪቴው የሚገባው በእንጨቱ ጫፍ በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ እንጨት በቀላሉ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በ3 ፑንታ ብሱ። ከዚያ የቪቴውን ጥርስ ደረቅ ሳሙና ላይ አሹት። ያለ ግፊት ሰተት ብሎ ይገባል።

ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከተበሱ በኋላ ዕቃዎቹን እንደገና ፍቱ። አዎ፣ ሁሉንም። ቀጣዩ ሥራ ለየብቻ ነው።

5. እንጨቱን ማለስለስና መቀባት

በ80 ጀምሩ፣ በ120፣ ከዚያ በ240 ጨርሱ። ሁሌም እንጨቱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ ፋቁ። አቋርጣችሁ ከፋቃችሁ ጭረቱ አሁን አይታይም፤ ዘይት ሲነካው ግን ሁሉም ይወጣል። ስንጥቅና የመጋዝ ስህተት ካለ ስቱኮ ሙሉበት። በቀጭኑ፣ ሁለት ጊዜ። አንዴ በወፍራሙ ከሞላችሁት ሲደርቅ ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃልም። ስቱኮ ግን ዘይት አይጠጣም፤ ስለዚህ ዘይት በምትቀቡት ፊት ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ላይ የራሱን የእንጨቱን ብናኝ በኮላ ለውሳችሁ ሙሉት።

አሁን በ1ኛው ደረጃ ያሰመራችኋቸውን ቦታዎች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፕላስተሩን ከመስመሩ 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ቁረጡ፤ ዕቃው ሲቀመጥ ያልተቀባ ዳር እንዳይታይ። ቀዳዳዎቹንም በክብሪት እንጨት ድፈኑ። ዘይት የጠጣ እንጨት ኤፖክሲ አይቀበልም፤ የምትከላከሉት ያንን ነው።

ቫርኒሽ ወይስ የተልባ ዘይት? እኔ ዘይት ነኝ። ቫርኒሽ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን የመድረክ መብራት ሲያርፍበት እንደ አዲስ ቁምሳጥን ያብረቀርቃል። የተልባ ዘይት እንጨቱን እንጨት አድርጎ ነው የሚያሳየው። በጨርቅ በስሱ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ቆዩ፣ የተረፈውን ጥረጉ። የማትጠርጉት ዘይት ለሳምንታት ይጣበቃል። ሦስት ዙር በቂ ነው፤ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ስጡት። በክረምት እጥፍ ይወስዳል።

ጥንቃቄ፦ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

6. የብረት ዕቃዎችን መቀባት

ላሜራውና ፌሮው መጀመሪያ በ240 ይፈግፈጉ፣ በአልኮል ይጠረጉ፣ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ጥቁር። ላሜራው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ትርፍ ከሆነ ይበልጥ ፈግፍጉት። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ቀለም ላይ ላዩን ይቀመጣል እንጂ አይዝም። የቱቦውም ተራ አሁን ነው፤ እንጨቱን ሸፍናችሁ ጥቁሩን ንፉበት። እሱ አንቲረስት አያስፈልገውም፣ በ240 መፈግፈግ ብቻ።

እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ቆርቆሮ ቤት ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሜዳው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። እርጥብ ቀለም ላይ ደግሞ አቧራ እንደ ዝንብ ነው። ስለዚህ ስፕሬይ የምነፋው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ መሬቱንም ቀድሜ ውሃ እረጭበታለሁ። ኮዬ ፈጬም ሆነ ለገጣፎ ዳር ያላችሁ ይሄ ይገባችኋል።

ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ራቁ። ሦስት ስስ ዙር ንፉ፤ በመካከሉ 15 ደቂቃ። አንዴ በወፍራሙ የነፋ ሰው እንባ ያያል፤ የቀለሙንም የራሱንም። ክፍት ቦታ ላይ፣ ከከሰል ምድጃ ርቃችሁ ሥሩ።

ጥቁር ቀለም ብቻውን ብረት አይመስልም፤ ጥቁር ፕላስቲክ ነው የሚመስለው። ከአንድ ቀን በኋላ 6ቢ እርሳሱን በ240 ብርጭቆ ወረቀት ላይ ፍቃችሁ ዱቄት አውጡ። በጣታችሁ ትንሽ ንኩና እጅ የሚበዛበት ቦታ ላይ አሹ፦ የማቀባበያው ክብ፣ የቀለበቶቹ ጠርዝ፣ የአፈሙዙ አፍ። ግራጫ የብረት ጮራ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሁሉንም ቦታ አትሹ። እውነተኛ ዕቃ የሚያበራው ሰው የነካው ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ቫርኒሽ አትንፉበት፤ ጮራውን ይገድለዋል።

7. የመጨረሻው ማጣበቅ

ፕላስተሩን አንሡ። ከሥሩ ያልተቀባ ንጹሕ እንጨት ታያላችሁ። በዕቃው በኩልም እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን ፊት በ120 ፋቁ፤ ቀለም ካለበት እስኪለቅ ድረስ።

ኤፖክሲውን ከሁለቱ ቱቦ እኩል እኩል አውጡ። በዓይን የተገመተ ልክ ዋነኛ ጠላት ነው፤ አንዱ ከበዛ ለዘላለም ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስሉ። የአምስት ደቂቃው ዓይነት ከሆነ በአንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ብቻ ቀላቅሉ። ቀዳዳው ውስጥ በክብሪት እንጨት አስገቡ፣ ፒኑንም ቀቡ፣ እያዞራችሁ ክተቱ። የተረፈው በዳር ሲወጣ ወዲያው በአልኮል የራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ቆዳችሁን ከነካ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ በቲነር አይሆንም፣ ይበልጥ ወደ ቆዳ ያስገባዋል።

ማነጣጠሪያው እንጨት በእንጨት ከሆነ የእንጨት ኮላ ይበቃዋል፣ ከኤፖክሲም አይተናነስም። ኮላ ግን ብረትና ፕላስቲክ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ተዉት። 24 ሰዓት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ኤፖክሲው ይዘገያል፤ ሁለት ቀን ስጡት፣ ቀን ቀን ፀሐይ ወዳለበት ክፍል አስገቡት። አንዴ ቸኩዬ ከሰሉ አጠገብ አቆምኩት። ኤፖክሲው ከመድረቁ በፊት ቀጥኖ ፈሰሰ፤ ማቀባበያው አንገቱን ደፍቶ ደረቀ። ልጆቹ «ጋሼ፣ ጠመንጃው ምን ሆኖ ነው ያዘነው?» አሉኝ።

ሙከራው ቀላል ነው። ፍራሽ ላይ ሆናችሁ ጠመንጃውን በማቀባበያው ብቻ ይዛችሁ አንሡት፣ ትንሽም ነቅንቁት። ጭርር የሚል ድምፅ ከሌለ ጨርሳችኋል።

8. ማንገቻው

የማንገቻው ቀለበቶች ክብደቱን ሁሉ ይሸከማሉ። ስለዚህ በቪቴ ብቻ አትመኑ። የፊተኛውን ከላሜራው ቀለበት ጋር አንድ ላይ እሰሩት፤ የኋለኛውን ሰደፉ ውስጥ 30 ሚሊሜትር በሚገባ ጥርስ ባለው ቀለበት። ቆዳው አሮጌ ቀበቶ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ፣ ቆዳን በቆዳ ለማጠፍ፣ ማስቲሽ በመጨረሻ ቦታውን አገኘ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ቀለሙ ተሸብሽቦ ከመጣ፣ ከሥር ያለው ሳይደርቅ ሌላ ዓይነት ቀለም ነፍታችሁበታል። መፍትሔው መጠበቅና ፍቆ መድገም ነው፤ ከላይ መጨመር አይደለም።

ቀለበቱ በበጋ ከላላ፣ እንጨቱ ሲገጠም እርጥብ ነበር። ከውስጥ ስስ ቆዳ አስገቡና ቪቴውን አጥብቁ።

ማቀባበያው ከነኤፖክሲው ሙልጭ ብሎ ከወጣ ኤፖክሲውን እዩት። የእንጨት ጭረት ይዞ ከወጣ እንጨቱ ደካማ ነው፤ ቀዳዳውን ጥልቅ አድርጉት። ንጹሕና የሚያበራ ከሆነ ዘይት ወይም ቀለም ውስጡ ገብቶ ነበር፤ በፑንታው እንደገና ጠርጉት።

ይዞ መውጣት

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው አያምጣብኝ። ከቤት ስትወጡ ጠመንጃው በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሁን። ትከሻ ላይ አንግታችሁ ታክሲ አትጠብቁ። አዘጋጁ ክፍል ወይም ትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፤ ዝግጅቱ ያለበትን አካባቢ ፖሊስ ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ይቻላል የተባላችሁትን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። መድረክ እስክትደርሱ አፈሙዙ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። የእንጨት መሆኑን ብታውቁም ሰው ላይ አታነጣጥሩ፤ ያኛው ሰውዬ አያውቅም።

ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ 130 ሳንቲሜትር ዕቃ በቁሙ አይገባም። የኋላ ወንበር ላይ ከእግራችሁ ሥር አጋድሙት፣ ማቀባበያው ወደ ላይ ይሁን። ትንሽ ኤፖክሲና የክብሪት እንጨት በኪሳችሁ ያዙ።